ለሮቶ የሚሆን ገመድ አልባ የውኃ መጠን መለኪያ በቤት መሥራት፦ እናቴ መሰላል እንዳትወጣ

የጀሞዋ | ሰኞ፣ ማታ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ነው፤ እባካችሁ ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

የምንኖረው ጀሞ ነው። ሰፈራችን ውኃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም ብዙውን ጊዜ ከሌሊቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ላይ ነው። ግቢ ውስጥ የኮንክሪት ታንከር አለን፤ ከዚያ በፓምፕ ወደ ላይ፣ ሦስት ሜትር በሚሆን የብረት ስታንድ ላይ ወደ ተቀመጠው ባለ 2000 ሊትር ጥቁር ሮቶ እንገፋለን። ሮቶው ውስጥ ስንት እንደቀረ የምታውቀው እናቴ ብቻ ናት። ጠዋት ጠዋት መሰላሉን ደገፍ አድርጋ ትወጣና ከታች ወደ ላይ እያንኳኳች ታዳምጣለች። ውኃ ያለበት ድምፁ ድፍን ነው፤ ባዶው ጋ ሲደርስ እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ፀሐይ ከወጣች ደግሞ መዳፏን ትለጥፍበታለች፤ ባዶው ክፍል ቶሎ ይሞቃል፣ ውኃ የያዘው ቀዝቅዞ ይቆያል። አትሳሳትም።

ባለፈው ወር ዝናብ ባካፋበት ሌሊት ውኃ መጣ ብላ የእጅ ባትሪ ይዛ ስትወጣ መሰላሉ ላይ እግሯ ተንሸራተተ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በወለምታ ነው የተረፈችው። 67 ዓመቷ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የመጀመሪያውን ሙከራ እንዲህ ሠራሁት። ኖድኤምሲዩ የሚባለውን የኢኤስፒ8266 ቦርድ (ዋይፋይ ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ነው)፣ ሁለት ዓይን ካለው ርካሹ አልትራሶኒክ ሴንሰር፣ ኤችሲ-ኤስአር04 ጋር አገናኘሁ። በፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ከትቼ ከሮቶው ክዳን ሥር ዓይኖቹን ወደ ውኃው አድርጌ ሰቀልኩት። ሴንሰሩ ድምፅ ይልካል፣ ድምፁ ከውኃው ገጽ ነጥሮ ይመለሳል፤ የፈጀውን ጊዜ በድምፅ ፍጥነት አባዝቶ ለሁለት ማካፈል ነው። መመለሻው እግር 5 ቮልት ስለሚያወጣ በሁለት ሬዚስተር ከፍዬ ወደ 3.3 አወረድኩት። ኃይሉን ለጊዜው ከፓወር ባንክ ሰጠሁት፤ በየማታው እያወረድኩ ቻርጅ አደርገው ነበር።

ዘጠኝ ቀን ሠራ። ዘጠኙንም ቀን «አትውጪ፣ ስልኬ ላይ አያለሁ» ስላት ሰነበትኩ። በአሥረኛው ቀን ቁጥሩ 61 ሳንቲሜትር ላይ ቆሞ ቀረ። እኔ ቁጥሩን አምኜ ሌሊት ፓምፑን ሳላስነሳ ቀረሁ፤ ጠዋት ቤቱ ያለ ጠብታ ነጋበት። ወጥቼ ስከፍተው የሴንሰሩ ዓይኖች ላይ ውኃ ተንጠልጥሏል፣ እግሮቹ አረንጓዴ ዝገት አውጥተዋል። እናቴ ምንም አላለችኝም። መሰላሉን አንስታ ወጣች።

የምጠይቃችሁ፦ እዚያ እርጥበት ውስጥ የሚኖር ሴንሰር የትኛው ነው? ባትሪው ለወራት እንዲቆይ እንዴት ላድርግ? እናቴ ያላት ተራ ስልክ ነው፤ ለእሷ በምን ላሳያት?


ውኃ_ልክ | ሰኞ፣ ማታ 4፡02

እህቴ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ኤችሲ-ኤስአር04 የተሠራው ለደረቅ ክፍል ነው። ዓይኖቹ ክፍት ናቸው፤ ሮቶ ደግሞ ቀን ፀሐይ ሲያፈላው በእንፋሎት ይሞላል፣ ሌሊት ሲበርድ እንፋሎቱ ክዳኑ ሥር ጤዛ ሆኖ ይንጠለጠላል። ምሳ ዕቃም ብታደርጊለት ዓይኖቹ ውጭ ስለሆኑ በእነሱ በኩል ይገባል።

ጄኤስኤን-ኤስአር04ቲ የሚባለውን ፈልጊ። የመኪና ኋላ ማርሽ ላይ የሚገጠመውን ዓይነት አንድ ድፍን ዓይን ነው ያለው፤ በሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ገመድ ከካርዱ ይለያል። ስለዚህ ሮቶው ውስጥ ዓይኑን ብቻ ታስገቢያለሽ፣ ኤሌክትሮኒክሱ ውጭ ደረቅ ቦታ ይቀመጣል። ለዚህ ሥራ ዋናው ጥቅሙ ይኼ ነው።

ጉድለት አለበት። ከ20 እስከ 25 ሳንቲሜትር ድረስ ቅርብ የሆነ ነገር አያይም። ሮቶሽ ሞልቶ ውኃው ክዳኑን ሊነካ ሲል የማይረባ ቁጥር ይሰጥሻል፤ በጣም የምትፈልጊው ደግሞ ያኔ ነው። መፍትሔው ዓይኑን ከክዳኑ ከፍ ማድረግ ነው። አጭርና ሰፊ አንገት አድርጊለት፦ ከባለ 4 ኢንች ፒቪሲ ቧንቧ ቁራጭ ጥቂት ሳንቲሜትር ይበቃል። ረጅምና ጠባብ ካደረግሽው ድምፁ ከራሱ ከቧንቧው ጠርዝ ነጥሮ ይመለስና ሮቶው ሁልጊዜ ሙሉ ይመስልሻል። ከመቁረጥሽ በፊት የትርፍ ውኃ መውጫው ከክዳኑ ስንት እንደሚርቅ ለኪ። ውኃው ከዚያ በላይ አይወጣም።

ሙቀቱንም አስቢበት። የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 343 ሜትር የሚባለው በ20 ዲግሪ ነው። በ10 ዲግሪ 337 ገደማ ነው፣ በ40 ዲግሪ ወደ 355 ይደርሳል። ጥቁር ሮቶ ውስጥ በአንድ ቀን ሁለቱንም ልታገኚ ትችያለሽ። በ1 ሜትር ከ20 ርቀት ላይ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 6 ሳንቲሜትር ይሆናል። የሮቶሽ ወርድ 1 ሜትር ከ30 ከሆነ 6 ሳንቲሜትር ማለት 80 ሊትር ነው፤ አራት ጄሪካን ውኃ ሳይቀዳ የጠፋ ይመስልሻል። ዲኤስ18ቢ20 የሚባል ትንሽ የሙቀት ሴንሰር አብረሽ አስገቢና ፍጥነቱን በኮዱ አስተካክይ፤ 331.3 ሲደመር 0.606 ጊዜ ሙቀቱ።


ጋሽ_ባልቦላ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡25

ልጄ፣ እኔ ኮምፒውተር አላውቅም፤ ይህንንም የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው። ቧንቧ ላይ ግን ከ30 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ።

ድሮ እንዲህ እናደርግ ነበር። ታንከሩ ውስጥ የሚንሳፈፍ ነገር በገመድ ታስሮ በክዳኑ በኩል ይወጣል፤ በመዘውር ላይ ዞሮ በውጭ በኩል ክብደት ያለው ብረት ይንጠለጠልበታል። ውኃው ሲሞላ ውጭ ያለው ብረት ይወርዳል፣ ውኃው ሲያልቅ ይወጣል። ግድግዳው ላይ በቀለም ሩብ፣ ግማሽ፣ ሙሉ ብለን እናሰምርበታለን። ከግቢው በር ሆነሽ ታያለሽ። ባትሪ አይፈልግም። አንቺ የምትሠሪውን ባደንቅም ይህንንም አብረሽ ብትሰቅይ ማነጻጸሪያ ይሆንሻል።

አንዳንዱ ሰው በታንከሩ ጎን ግልጽ ቱቦ ያቆማል። ፀሐይ እያየው አልጌ ያበቅልና ቱቦው ውስጡ ይጠቁራል፤ በዓመቱ አይታይም።

ሁለት ነገር አደራ። የምትጠጡት ውኃ ነውና ውኃው ውስጥ ባዶ የመዳብ ሽቦ አታስገቢ፤ ሽቦ ነክሮ በኤሌክትሪክ ደረጃውን የሚለካ አይቻለሁ፣ ሽቦው እየተበላ ወደ ውኃው ይገባል። ሁለተኛ፣ የሮቶውን ጎን አትብሺ። የምትበሺ ከሆነ ከላይ ከክዳኑ ብቻ።


የጀሞዋ | ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

ጋሼ፣ እጅዎን እስማለሁ። የመዘውሩን ነገር ለእናቴ ስነግራት አባቷ ቤት እንደነበረ አስታወሰች። እሰቅለዋለሁ። የሽቦውንም ነገር ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ፤ ሁለተኛው ሐሳቤ እሱ ነበር።

@ውኃ_ልክ ለካሁት። የትርፍ መውጫው ከክዳኑ 18 ሳንቲሜትር ይወርዳል። ስለዚህ አንገቱን 10 ሳንቲሜትር ካደረግሁት 28 ይሆንልኛል ማለት ነው?


ውኃ_ልክ | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9፡40

በትክክል። ሦስት ሳንቲሜትር መጠባበቂያም አለሽ።


ሊትየም_ጠጋኝ | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡30

የባትሪውን እኔ ልመልስ፤ እንጀራዬ ነው።

ኖድኤምሲዩ ዋይፋዩን ከፍቶ ሲሠራ ከ70 እስከ 80 ሚሊአምፔር ይበላል። ጥሩ 18650 ባትሪ (ላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ የሚገኘው ድቡልቡል ሊትየም) 2500 ሚሊአምፔር ሰዓት ቢይዝ አንድ ቀን ተኩል ሳይሞላ ያልቃል። ስለዚህ ማስተኛት አለብሽ፤ ዲፕ ስሊፕ የሚባለው ነው። ዲ0 የሚለውን እግር ከሪሴት ጋር ታገናኛለሽ፤ ሰዓቱ ሲደርስ ራሱን በዚያ ይቀሰቅሳል። ኮድ ስትጭኚበት ግን ያንን ሽቦ ንቀዪው፣ አለበለዚያ እምቢ ሊልሽ ይችላል።

በየ10 ደቂቃው ነቅቶ 5 ሰከንድ ቢሠራ አማካዩ 0.7 ሚሊአምፔር አይሞላም፤ ያው ባትሪ አምስት ወር ያህል ይሄዳል። ይህ ግን በእንቅልፍ ጊዜ ሌላ የሚበላ ነገር ከሌለ ነው። ኖድኤምሲዩ ላይ ግን ብዙ አለ፦ የዩኤስቢው ቺፕ፣ ሬጉሌተሩ፣ መብራቱ። ቺፑ ቢተኛም እነሱ ነቅተው ያድራሉ። ስለዚህ ኢኤስፒ-12ኤፍ የሚባለውን ባዶ ሞጁል ግዢና ቮልቱን ወደ 3.3 በሚያወርድ በኤችቲ7333 ሬጉሌተር አብዪው። ሴንሰሩንም ራሱን በሞስፌት፣ ማለት በኮድ በሚታዘዝ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ፣ አጥፊው። ጄኤስኤኑ ምንም ሳይለካ ዝም ብሎ ሲቀመጥ 5 ሚሊአምፔር ይበላል፤ ከላይ ካልኩሽ 0.7 አማካይ ሰባት እጥፍ ገደማ ነው።

ገበያ ስትወጪ ተጠንቀቂ። 18650 ላይ 9900 ወይም 12000 ተብሎ ተጽፎ ካየሽ ውሸት ነው። በዚህ መጠን የሚሠራ እውነተኛ ባትሪ ከ3500 ብዙም አያልፍም። እኔ ከተበላሸ ላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ አውጥቼ ነው የምሠራው፤ ስትለኪው ከ2.5 ቮልት በታች የወረደውን አትመኚው፣ ጣዪው።

ባትሪውን ጥቁሩ ክዳን ላይ አታስቀምጪ። ስታንዱ ሥር፣ ጥላው ውስጥ እሰሪው። ለሳጥን የኤሌክትሪክ ጀንክሽን ቦክስ ይሁን፤ ገመዶቹ ከታች በኩል ይግቡ። ከመግባታቸው በፊት ትንሽ ወደ ታች ወርደው ተጣጥፈው ይውጡ፤ ዝናቡ በገመዱ ሲወርድ ከመታጠፊያው ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ሳጥኑ አይገባም። የበየድሽውን ሁሉ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ሁለት ጊዜ ቀቢው። አረንጓዴው ዝገት አይመለስም።


የመቂ_ጉድጓድ | ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡00

እኔ ደግሞ ከገበሬ ወገን ነኝ። መቂ ሽንኩርትና ቲማቲም እናለማለን፤ ውኃው ከጉድጓድ ነው። የጉድጓዱ ውኃ ወርዶ ፓምፑ ባዶውን እየዞረ ሁለት ጊዜ ተቃጥሎብኛል። ማሳ ላይ ያለ ሽንኩርት በጥር ፀሐይ አራት ቀን ያለ ውኃ ምን እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል።

የእኔ ችግር ርቀቱ ነው። ጉድጓዱ ከቤቴ 700 ሜትር ይርቃል። መጀመሪያ ኤንአርኤፍ24 የሚባል ትንሽ ሬዲዮ ሞከርኩ፤ አልደረሰልኝም። አሁን ያለው ሎራ የሚባል፣ በትንሽ ኃይል ሩቅ የሚደርስ ሬዲዮ ነው፣ ኤስኤክስ1278 ቺፕ ያለው፣ በ433 ሜጋኸርዝ። በበቆሎውና በዛፉ መሐል ያለ ችግር ይደርሳል። አንቴናው 17.3 ሳንቲሜትር ሽቦ ነው፤ የሞገዱ ሩብ። አደራ፣ አንቴና ሳትሰኩ እንዲልክ አታድርጉት፤ አንዱን ያቃጠልኩት እንደዚያ ነው። ሎራ ብዙ ወሬ አይወድም። እኔ የምልከው ሦስት ቁጥር ብቻ ነው፦ የውኃው ከፍታ፣ የባትሪው ቮልት፣ የመልእክቱ ተራ ቁጥር። ተራ ቁጥሩ ከ41 ወደ 44 ከዘለለ ሁለት መልእክት መንገድ እንደቀረ አውቃለሁ።

ጉድጓድ ውስጥ ድምፅ የሚልክ ሴንሰር አይሆንም። ቱቦው ጠባብ ነው፣ ድምፁ ከግድግዳው ይነጥራል። የእኔ ውኃው ውስጥ የሚሰጥም የግፊት ሴንሰር ነው። ከላዩ ያለው ውኃ በሜትር 9.8 ኪሎፓስካል ይጫነዋል፤ እሱ ያንን ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር አድርጎ ይልካል። በ150 ኦም ሬዚስተር አሳልፌ ከ0.6 እስከ 3 ቮልት አነብበታለሁ። 4 ሚሊአምፔር ማለት ውኃ የለም፣ ዜሮ ማለት ሽቦው ተበጥሷል። ይህን ልዩነት በጣም ነው የምወድደው፤ ባዶነትን ከብልሽት ይለይልኛል።


አዲስ_ጀማሪ | ረቡዕ፣ ከሰዓት 10፡15

ይቅርታ፣ ጥያቄ አለኝ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ብዙ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው ይባላል። ይህ ሴንሰሮቹን አያሳስትም?


ውኃ_ልክ | ረቡዕ፣ ማታ 1፡50

ጥሩ ጥያቄ ነው። ለድምፁ ሴንሰር አያሳስትም፤ የድምፅ ፍጥነት በሙቀት እንጂ በአየሩ ስስነት የሚቀየር አይደለም ብለህ ልትይዘው ትችላለህ። ለግፊት ሴንሰር ግን ያሳስታል፣ የተሳሳተውን ዓይነት ከገዛህ። ባሕር ጠለል ላይ አየሩ ራሱ 101 ኪሎፓስካል ይጫናል፤ አዲስ አበባ ላይ ወደ 76 ይወርዳል። ልዩነቱ ሁለት ሜትር ተኩል ውኃ ነው። ፍጹም ግፊት የሚለካ ሴንሰር ገዝተህ በፋብሪካው ቁጥር ከሄድክ ሙሉው ሮቶ ባዶ ሆኖ ይታይሃል። የመቂው ወንድማችን የያዘው ዓይነት በገመዱ ውስጥ ቀጭን የአየር ቱቦ ስላለው የአካባቢውን አየር ራሱ ይቀንሳል። የዚያ ቱቦ አፍ ውኃና ጤዛ እንዳይገባበት ተጠንቀቁ፤ ሳጥኑ ውስጥ ከአዲስ ጫማ ካርቶን የሚገኘውን እርጥበት መምጠጫ ከረጢት መክተት ይረዳል።


ከሮተርዳም | ሐሙስ፣ ማታ 5፡20

ባህር ዳር ላሉ ወላጆቼ ተመሳሳይ ሠርቻለሁ፤ ስህተቴን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እህታችን ላይ የደረሰው እኔም ላይ ደርሷል።

ለእረፍት ሄጄ ገጠምኩላቸው። ሴንሰሩ በዋይፋይ፣ ኤምኪውቲቲ በሚባል የመልእክት ማቀባበያ አድርጎ ይልካል፤ እኔ እዚህ ሆኜ ስልኬ ላይ አየዋለሁ፣ እህቴም እዚያ ታየዋለች። ደስ ብሎን ከረምን። አንድ ሳምንት መብራት እየጠፋ ራውተሩ ሞተ። ሴንሰሩ በባትሪ ይለካል፣ ግን የሚልክበት መንገድ የለውም። ሰርቨሩ ደግሞ የመጨረሻውን ቁጥር እንዲያስቀምጥ አድርጌው ስለነበር ሦስት ቀን ሙሉ 82 በመቶ እያለ ቆየ። አባቴ በስልክ «ውኃ እያነሰ ይመስለኛል» ሲለኝ «ኧረ አባዬ፣ 82 ነው» አልኩት። አመነኝ። በሦስተኛው ቀን ባዶ ሆነ። ጎረቤት በጄሪካን አቀበላቸው።

ከዚያ በኋላ ያስተካከልኩት ሁለት ነገር ነው። ቁጥሩ ብቻውን አይታይም፤ «ከ12 ደቂቃ በፊት» ከሚል ጋር ነው የሚታየው። ከአንድ ሰዓት ካለፈ ቁጥሩ ይጠፋና «አላውቅም» ይላል። ሁለተኛ፣ ኤምኪውቲቲ ኑዛዜ የሚባል ነገር አለው፤ መሣሪያው ሲገናኝ «ድንገት ብጠፋ ይህን ንገሩልኝ» ብሎ ለሰርቨሩ ያስቀምጣል። ግንኙነቱ ሲቋረጥ ሰርቨሩ መልእክቱን ለሁላችንም ያደርሳል። ይህ የሚሠራው ሁልጊዜ ነቅቶ ለሚገናኝ መሣሪያ ነው፤ የሚተኛውን በሰዓቱ ነው የምትከታተሉት።

ለእናትሽ ስልክ አያስፈልግም ባይ ነኝ። ኩሽናው በር ላይ መብራት ስቀዪላት።


የድሬ_ልጅ | ዓርብ፣ ጠዋት 4፡05

ክሩን ሳነብ ስለ ሌላ ውኃ እያሰብኩ ነው። ድሬዳዋ ነው የምኖረው፣ ደቻቱ ወንዝ አጠገብ። ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ላይ መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ የጎረቤታችን ቤት የነበረበት ቦታ ጠዋት ላይ ጠፍጣፋ ጭቃ ነበር።

ጎርፉ የሚመጣው ከደጋው ነው። ከተማው ላይ ጠብ ሳይል እንኳ ላይ የዘነበው ሊወርድ ይችላል። ወንዝ የሚለካው በተለምዶ ዳር ላይ የተተከለ ባለ ቁጥር ሰሌዳ እየታየ፣ ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ነው። ሌሊት 6 ሰዓት የመጣውን ማን ያያል? እንደ እናንተ ያለ ነገር ላይኛው ድልድይ ላይ ቢሰቀል ምን ይመስላችኋል?


የመቂ_ጉድጓድ | ዓርብ፣ ከሰዓት 8፡30

ወንድሜ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ያንን ዘመን አስታውሳለሁ።

የእኔን ዓይነት የግፊት ሴንሰር አሸዋው ውስጥ ብትቀብር በመጀመሪያው ጎርፍ ይሸፈናል ወይ ይወሰዳል። ከድልድይ ሥር ወደ ታች የሚያይ የድምፅ ሴንሰር ይሻላል፤ ወንዙን ሳይነካ ይለካል። ደረቅ ሲሆን የአሸዋውን ርቀት ያነባል፤ ውኃ ሲመጣ ርቀቱ ያጥራል። በየ10 ደቂቃው የሚለው ግን ለዚህ አይሆንም፤ ደራሽ ውኃ በ10 ደቂቃ ያልፍሃል። በየደቂቃው ይለካ፣ ስለዚህ ሶላር ፓነል የግድ ነው። ሎራው እስከ ከተማው በቀጥታ ላይደርስ ይችላል፤ መሐል ኮረብታ ላይ አቀባይ ታስቀምጣለህ።


ውኃ_ልክ | ዓርብ፣ ማታ 3፡00

በዚህ ላይ ጠንከር ያለ ነገር ልናገር። ሮቶ ቢሳሳት ሰው አንድ ቀን ውኃ ያጣል። እዚህ ሲሳሳት ሰው ይሞታል። ላም ድልድይ ሥር ብትቆም ሴንሰሩ ጎርፍ ነው ይላል፤ ሦስት ጊዜ በሐሰት የተቀሰቀሰ ሰፈር በአራተኛው አይነሳም። ስለዚህ አንድ ሴንሰር አይበቃም። ከድምፁ ሴንሰር ጋር የድልድዩ ምሰሶ ላይ በተለያየ ከፍታ ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያ ይታሰር፤ ሁለቱ ሲስማሙ ብቻ ማንቂያ ይሂድ፣ አንዱ ብቻ ሲናገር አንድ ኃላፊነት ያለው ሰው ጋ ይደወል። የወረዳችሁን የአደጋ ሥራ አመራር ሰዎች ከመጀመሪያው አስገቧቸው። ክረምቱን አንድ ዙር ማንንም ሳትቀሰቅሱ ዝም ብላችሁ መዝግቡ፤ ወንዙ እንዴት እንደሚነሳ ተማሩት። ከዚያ በኋላ ስለ ማንቂያው እንነጋገር። እኔ በኮዱም በሎራውም አብሬህ እሠራለሁ፤ የውስጥ መልእክት ላክልኝ።


የድሬ_ልጅ | ዓርብ፣ ማታ 3፡22

ልኬያለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።


የጀሞዋ | ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከሰዓት 10፡00

ጠፍቼ ከረምኩ፤ እየሠራሁ ነበር።

ሮቶው ላይ ያለው አሁን ይኼ ነው፦ ጄኤስኤኑ በ10 ሳንቲሜትር አንገት ላይ፣ አጠገቡ የሙቀት ሴንሰሩ፣ ስታንዱ ሥር ጥላ ውስጥ ጀንክሽን ቦክሱ፣ ባዶው ኢኤስፒ-12ኤፍ፣ ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ አንድ ባትሪ። ራውተሩን ተውኩት። ኢኤስፒ-ናው በሚባለው መንገድ ሮቶው በቀጥታ ኩሽና ላለው ሌላ ኢኤስፒ ይልካል፤ መብራት ሲጠፋ ኩሽና ያለው በፓወር ባንክ ይቀጥላል። ዋይፋይ ፈልጎ መገናኘት ስለሌለ በአምስት ሰከንዱ ፋንታ ለክቶ፣ ልኮ ለመተኛት አንድ ሰከንድ አይሞላውም።

ኩሽናው በር ላይ አምስት አረንጓዴ መብራት ከላይ ወደ ታች ተደርድሯል። አምስቱም ከበሩ ሙሉ ነው። ሥራቸው አንድ ቀይ አለ። ሠላሳ ደቂቃ ከሮቶው ወሬ ካልመጣ አረንጓዴዎቹ ሁሉ ይጠፉና ቀዩ ብልጭ ድርግም ይላል። እናቴን «ቀዩ ሲበራ መሣሪያው ታሟል ማለት ነው፤ ያኔ እኔን ጥሪኝ፣ አትውጪ» አልኳት።

አላመነችም። አልፈርድባትም፤ ያ 61 ሳንቲሜትር አልወጣላትም። ጋሽ ባልቦላ የነገሩኝን መዘውር ሰቀልኩላት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት መብራቱን ታያለች፣ ወጥታ ግድግዳው ላይ ያለውን ብረት ታያለች፣ ከዚያ በረጅም እንጨት ከታች ሆና ሮቶውን ታንኳኳለች። መሰላሉን ግን ከግድግዳው አላነሳችውም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሌሊት ፓምፑን አስነሳን። ወዲያው አምስቱም መብራት በራ። እኔ ሞላ ብዬ ላጠፋ ስል እናቴ በእንጨቱ አንኳኳችና «ኧረ ባዶ ነው» አለች። ብረቱም ገና ከላይ ነበር። እሷ ልክ ነበረች። የሚገባው ውኃ ሲፈስ በሴንሰሩ ፊት ለፊት ነበር የሚወርደው፤ ድምፁ ከሚወርደው ውኃ ነጥሮ እየተመለሰ ነው። ዓይኑን ከመግቢያው ትይዩ ወደ ሌላው ጎን አዞርኩት፤ በአንድ ጊዜ 11 ጊዜ እየለካ በመጠን ተደርድረው መሐለኛውን እንዲወስድ አደረግሁ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ከብረቱ አልተለየም።

ፓምፑን ራሱ እንዲያስነሳና እንዲያጠፋ ማድረግ እፈልጋለሁ። ምን ትላላችሁ?


የመቂ_ጉድጓድ | እሑድ፣ ማታ 1፡15

እናትሽ ሴንሰሩን ፈተነችው፤ ከእሷ የተሻለ ፈታኝ አታገኚም።

ለፓምፑ፣ ትንሿን ሰማያዊ ሪሌ (በኮድ የምትታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) አትመኛት፤ የሞተር መነሻ ኃይል ነጥቦቹን ያጣብቃቸዋል፣ ከተጣበቀ ደግሞ አይጠፋም። ሪሌዋ ኮንታክተር (ለሞተር የተሠራ ትልቅ ሪሌ) ታስነሳ፣ ኮንታክተሩ ፓምፑን። የ220ውን ሥራ ለኤሌክትሪሺያን ስጪ። ኮዱ ውስጥ አንድ ሕግ ይኑር፦ ፓምፑ እየሠራ ሳለ ሮቶው በየ20 ሰከንዱ ይላክ፣ ሁለት ደቂቃ ዝም ካለ ፓምፑ ይቁም። ሌላ ማጥፊያ ደግሞ ከታች ታንከሩ ውስጥ ይግባ፤ ታች ውኃ ከሌለ ላይ ምንም ቢባል አይነሳ። የእኔ ሁለቱ ፓምፖች የተቃጠሉት ይህኛው ስላልነበረ ነው።


ጋሽ_ባልቦላ | እሑድ፣ ማታ 2፡00

ልጄ፣ የመዘውሩን ገመድ ከናይለን አድርገሽው ከሆነ በስድስት ወር ፀሐይ ይበላዋል። ቀጭን የማይዝግ ሽቦ ቀይሪው። እናትሽን ሰላም በይልኝ።


የጀሞዋ | እሑድ፣ ማታ 2፡18

ናይለን ነው፤ ነገ እቀይረዋለሁ። ኤሌክትሪሺያኑም ማክሰኞ ይመጣል። ሰላምታዎን ነገርኳት ጋሼ፤ «አንድ ቀን ቡና ይምጡ» ብላለች። ዛሬ ሌሊት ፈረቃችን ነው፤ እናቴ ኩሽናው በር ላይ ወንበር አስቀምጣ መብራቱን እየጠበቀች ነው። መሰላሉን ጠዋት ለጎረቤት አውሳዋለች።